ሊንኩ ያለው ሁሉ ይግባ

«ይህን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልግዎታል» የሚለው ጽሑፍ የሚያበሽቀኝ፣ ፋይሉን የጻፍኩት እኔው ራሴ ስሆን ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ሲከለክለኝማ ደስ ይለኛል። «አልከፈት ብሎኛል» እላለሁ፣ ቡናዬን አዝዛለሁ፣ ማንም አይወቅሰኝም።

የገዛ ሪፖርቴ ሲሆን ግን ደሜ ይፈላል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች፤ ፈቃዱን ለምን እንደፈለግሁ እንድገልጽ ትጠይቀኛለች። ምን ተብሎ ይገለጻል? «የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየት ነው፤ ከሰላምታ ጋር» ብዬ ላክሁ። ጥያቄው የሚሄደው ፎልደሩ መጀመሪያ ሲከፈት «የፈቃድ ጥያቄ ወደዚህ ይምጣ» ተብሎ ወደተመዘገበው ኢሜይል ነው። የኢሜይሉ ባለቤት ደግሞ ሥራዋን ለቅቃ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከገባች ቆይታለች።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። መካኒሳ ላይ ረፋድ ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፤ ባለቤቷ ተኝታለች። ይህችን ልጅ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መካኒሳ ያለው ቢሯችን ኢሜይሉም ፋይሉም የሚቀመጥበት የራሱ ክላውድ አለው። ገንዘቡን የሚልክልን፣ አውሮፓ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት የራሱ አለው። ለቡ ያለው፣ ፕሮጀክቱን አብሮን የሚሠራው ድርጅትም የራሱ አለው። የአይቲ ሰዎች እያንዳንዱን «ቴናንት» ይሉታል። ሦስቱም ማይክሮሶፍት ላይ ናቸው፤ እንዲተዋወቁ እስካልተደረገ ድረስ ግን አንዱ ሌላውን አያውቅም።

አጥር ለአጥር የተያያዙ ሦስት ግቢዎች በሏቸው። እያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ ዘበኛ አለው። ከእኛ ግቢ ወደ እነሱ ግቢ የሚሻገር ሰው እንግዳ ተብሎ ይመዘገባል። ዘበኛቸው የእኛን ዘበኛ «ይሄ ሰው የእናንተ ነው?» ይለዋል። የእኛው «አዎ፣ የኛ ነው» ካለ በሩ ይከፈታል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። በር ማለፍ ሳሎን መግባት አይደለም፤ ሳሎን መግባትም ቁም ሳጥን መክፈት አይደለም። እንግዳው ግቢው መሀል ቆሞ ሊውል ይችላል። የቢሯችን ሰዎች እሮሮ ግማሹ ይኸው ነው፦ «ገባሁ እኮ፤ ግን ምንም አይታየኝም!»

እንግድነቱ ስም ላይ ሳይቀር ይጻፋል። የእኛ ሰው እነሱ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ኢሜይሉ ይገለበጥና፣ ከኋላው «ኤክስት» የምትል ቅጥያ በሁለት መሰላል መሀል ትሰካበታለች። መሰላሏ ያቺው ናት፤ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንጫናት። የውጭ ሰው ለማለት ነው። ለቡ ተወልዶ ለቡ ያደገ፣ ለቡ ላይ ስለሚሠራ ፕሮጀክት የሚጽፍ ሰው፣ ግራና ቀኙ መሰላል ተደግፎበት የውጭ ሰው ይባላል።

እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ የሚለው ተረት ለዚህ አካውንት የተተረተ ይመስለኛል። የተጋበዘ ሰሞን «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ ስልጠና ይሰጣል፣ ሁሉም ፎልደር ይከፈታል። ከመንፈቅ በኋላ ማን እንደጋበዘው የሚያስታውስ የለም። ከዓመት በኋላ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። የቤት እንግዳ ቢሆን ፊት ሲጠቁርበት ይገባውና ጋቢውን ለብሶ ይሄዳል። ይሄኛው ፊት አያነብም።

ስም ላይ ከደረስን አይቀር፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን አባት ነው። እናም የአባታችንን ስም እንሞላለን። ይህን ያላወቀ አንድ የሰው ኃይል ባለሙያ ከአውሮፓ ጠንከር ያለ ኢሜይል ላከ፦ በቢሯችሁ ሦስት ተስፋዬዎች ተመዝግበዋል፤ ዝምድና ካላቸው ይገለጽልን። አንደኛዋ የጎጃም ልጅ፣ አንደኛው የወላይታ፣ ሦስተኛው የሳሪስ። ዳይሬክተራችን «ሦስቱም አባት አላቸው» ብለው ሊመልሱ ሲሉ ጸሐፊያቸው ለምና አስቆመቻቸው።

የላቲን ፊደሉ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ዮሐንስ በአንድ «ኤን» ነው በሁለት? ፀሐይ በ«ቲ» ትጀምራለች ወይስ በ«ኤስ»? ፓስፖርት አንድ ይላል፣ ዲግሪ ሌላ ይላል፣ ባንክ ደብተር ሦስተኛውን ይዟል። የሾፌራችን ስም ከነዚህ መልከ ብዙ ስሞች አንዱ ነው። መጀመሪያ በእጅ ሲጋበዝ በአንድ ዓይነት ተጻፈ። ኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ዘመናዊውን መንገድ አመጣ፦ የእኛ መዝገብ ከእነሱ መዝገብ ጋር በራሱ የሚናበብበትን። ማይክሮሶፍት ይህን በፈረንጆቹ 2023 ነው ለሁሉም የከፈተው፤ በየ40 ደቂቃው እየዞረ አዲስ የገባውን ይጨምራል፣ የወጣውን ያነሳል። አዲሱን ሠራተኛ ጠዋት ከጀሞ ሲነሳ ብንመዘግበው፣ ታክሲው ሳር ቤት ሳይደርስ አውሮፓ ይታወቃል። ታዲያ ይህ ዘመናዊ መንገድ ሾፌራችንን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ወሰደው። የሚያስተያየው ፊደል እንጂ ፊት አይደለምና፣ ሾፌራችን ሁለት ሰው ሆነ።

አውሮፓ ያለው አድሚን ቆጥቦ አዳሪ ነበርና አንዱን «ድርብ» ብሎ ዘጋው። የዘጋው የነዳጅ መከታተያው ያለበትን ነው። ሾፌራችን አይቲ ክፍል መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሁለቱም እኔ ነኝ ወንድሜ» አለ። «አንዱ ነዳጅ ይመዘግባል፣ አንዱ ስብሰባ ይጠራል። የዘጋችሁት የሚሠራውን ነው።»

አሁን ወደ መሸኘት ልምጣ። የሀገራችን መሥሪያ ቤት ሰው ሲቀበል ቸር ነው፣ ሲሸኝ ግን ያስፈራል። ክሊራንስ የሚባል ወረቀት አለ። ንብረት ክፍል ካልኩሌተሩን፣ ስቴፕለሩን፣ ከጀርባው ቁጥር የተለጠፈበትን ወንበር ይጠይቃል። ፋይናንስ ያልተወራረደ የውሎ አበል ይፈልጋል። ላይብረሪ በሌለው ቢሯችን እንኳ «ላይብረሪ» የሚል መስመር አለ፤ የሚፈርምበትም ሰው ተገኝቷል። አንዲት ባልደረባችን የጠፋባትን የሻይ ብርጭቆ ከመካኒሳ ገበያ ገዝታ ተክታ ነው የወጣችው። አካውንት የሚል መስመር ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መዝገብ ቤት በነበረበት ዘመን ገቢ መዝገብና ወጪ መዝገብ ነበር። ማህደር ከመደርደሪያ ሲነሳ የወሰደው ሰው ይፈርማል፣ ሲመልስም ይፈርማል። በወጣትነቴ የማውቃቸው አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማህደር ስትጠይቃቸው በመነጽራቸው በላይ ያዩህና፣ «በማን ትእዛዝ?» ይሉሃል። ትእዛዙን ብታመጣም፣ «አይወጣም፤ ማንበብ ከፈለግህ እዚሁ ፊቴ ቁምና አንብብ» ይላሉ። ዛሬ ሼርፖይንት ላይ «ማየት ብቻ፣ ማውረድ አይቻልም» የሚል ምርጫ አለ። ጋሼ ይህን በካኪ ካፖርታቸው ያለ ኢንተርኔት ሠርተውታል። ሲያወጡም ያወጣሉ፣ ሲያስመልሱም ያስመልሳሉ፤ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ማህደር ቤቱ ወስዶ ቢያሳድር ጠዋት በሩ ላይ ነበሩ።

የጋሼን ወንበር የያዘው አይቲያችን ነው። ወንበሩን እንጂ ፊታቸውን አልወረሰም። ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ቡና ሊጠጣ ሲወርድ «አንድ ፎልደር ክፈትልኝ» የምትለው አትጠፋም። «ማን ፈቀደልሽ?» አይልም፤ እሷ እኮ የታላቅ እህቱ እኩያ ናት። ዳይሬክተሩን ማን ይጠይቃል? የዋና መሥሪያ ቤቱ ደንብ «ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ ይሰጠው» ይላል። የእኛ ደንብ ደግሞ «ለሱ ከፍተህ ለእኔ ልትዘጋ?» የሚል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እዚህ ግን ባለቤቱን በጣም ከማክበራችን የተነሳ አጥሩ አልቆመም።

መጀመሪያ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልጅ ልመለስ። ስትቀጠር የቢሮው ኢሜይል ገና ስላልተከፈተላት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት በግል ጂሜይሏ ጋበዛት። ኋላ የቢሮ ኢሜይል ተሰጣት። ስትለቅ የቢሮው ተዘጋ። በቢሮ ኢሜይሏ ብትጋበዝ ኖሮ፣ እሱ ሲዘጋ እንግድነቷም አብሮ ይሽመደመድ ነበር፤ ስሟ መዝገቡ ላይ ቢቀር እንኳ በሩ አይከፈትላትም። ጂሜይል ግን የራሷ ነው፤ ማንም አይዘጋውም። ስለዚህ ውቅያኖስ ተሻግራም የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ይህን ያወቅነው ራሷ ስትደውል ነው። «ሰላም ናችሁ? ልጆቹ ደህና? የሦስተኛው ሩብ ዓመት በጀት ላይ የስልጠናው መስመር ሁለቴ ተደምሯል» አለች።

የፋይናንስ ኃላፊያችን መጀመሪያ ተቆጡ። ቫውቸር በቁልፍ የሚያስቀምጡ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። «የለቀቀ ሰው በጀታችንን ያያል?» ብለው ጮኹ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና የስልጠናውን መስመር አዩ። ሁለቴ ተደምሯል። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «አራተኛውንም ሩብ ዓመት አየት ታድርገው እስቲ» አሉ።

አይቲው በኋላ ለብቻው ያለኝ ደግሞ ይበልጣል። «እኔስ እንዴት ብዬ ነው የምዘጋባት? እናቴ ስትታመም መድኃኒቱን የላከችልኝ እሷ ናት።» ይህን የሚመልስ ደንብ በየትኛው ክላውድ አለ?

አንባቢ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው እንዳይል፣ ከመዝገብ ወደ መዝገብ መዛወርን የአዲስ አበባ ሰው ከማይክሮሶፍት በፊት ያውቀዋል። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ቤት የቀየረ ሰው መሸኛ ያወጣል። የድሮው ወረዳ ከመዝገቡ ያነሳዋል፣ አዲሱ ይመዘግበዋል። በመሀል መሸኛውን በፕላስቲክ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱን ሳይለቅ መዝገቡ ይለቀዋል። 11ኛው ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራ፣ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲወጣ፣ እዚያው አልጋው ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት የሌላ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሆኖ ተነሳ። የአይቲ ሰዎች ይህን «ማይግሬሽን» ብለው ብዙ ገንዘብ ያስከፍሉበታል።

ስሙንም ቢሆን እንደዚያው ነን። ቀበሌ ወረዳ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ መታወቂያው ግን ዛሬም የቀበሌ መታወቂያ ነው። ማይክሮሶፍትም የመዝገቡን ስም በ2023 ከአዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወደ ኢንትራ አይዲ ቀይሮታል። አይቲያችን ዛሬም አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው የሚለው። ልጅን በክርስትና ስሙ የሚጠራ ማን አለ?

አውሮፓ ያሉትም ዝም አላሉም። የእንግዳው ብዛት አሳስቧቸው በየጊዜው «ይህ ሰው አሁንም ያስፈልጋልን?» የሚል መጠይቅ መላክ ጀመሩ። መልሱን የሚሰጠው የፎልደሩ ኃላፊ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን በመጀመሪያው ዙር ከላይ እስከ ታች «አዎ» ብለው ሞሉት። ውስጡ ሁለት የለቀቁ፣ አንድ ጡረታ የወጡ፣ አንድ ነፍስ ይማርም ነበሩበት። «የሞተውንስ ለምን?» ሲባሉ፣ «እኔ ማን ነኝ ሰው ከመዝገብ የማስወጣው?» አሉ።

ስለዚህ ዋናው መሥሪያ ቤት ማስተካከያ አደረገ፦ መጠይቁ ለእንግዳው ለራሱ ይሂድ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ያልተሰጠበት ሁሉ በራሱ ይወገድ። ሥርዓቱ ይህን ምርጫ ይሰጣል፤ ነገሩ ጥሩ ነው። የላኩት ግን ከእኛ ገና ዋዜማ ጀምሮ ነው። የእነሱ ገና አልፎ ዛፉን አውርደው ሥራ ገብተዋል። የእኛ ገና መምጣቱ ነው፤ የሁለት ሳምንቱ ማብቂያ ደግሞ ጥምቀት ላይ ወደቀ። ዶሮ እየተበለተ፣ ቀጥሎም ታቦት እየታጀበ፣ ኢሜይል ከፍቶ መጠይቅ የሚሞላ ክርስቲያን የት ይገኛል? ሙስሊም ባልደረቦቻችንም የዓመት ፈቃዳቸውን ያወጡት ያንን ሰሞን ነው። የጥምቀት ማግሥት ሥራ ስንገባ ሁላችንም ተወግደናል። ከልጅቷ በቀር። እሷ ሜሪላንድ ሆና መጠይቁ ራሷን ጠይቋት ስለራሷ «አዎ፣ አስፈልጋለሁ» ብላ ሞልታለች።

ሪፖርቱ ለማግሥቱ ይፈለጋል። ፎልደሩ የሚታያት እሷ ብቻ ናት። ተለመነች፤ አንድ ሊንክ አወጣችልን፤ «ሊንኩ ያለው ሁሉ መክፈት ይችላል» የሚለውን ዓይነት። ይህ ምርጫ ጨርሶ እንዳይኖር መከልከል ይቻላል፤ አልተከለከለም ነበር። ሊንኩ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ገባ፣ ሪፖርቱ በሰዓቱ ሄደ፣ ተጨበጨበ።

ያ ግሩፕ ውስጥ ያለውን ሰው ያኔ የቆጠረ አልነበረም። የድሮ ሠራተኞች አሉ። ለስብሰባ ቆሎና ሻይ የምታቀርበው ልጅ አለች። ያሁኑን ቢሮ ያፈላለገልን ደላላም አለ፤ ማን እንዳስገባው አይታወቅም፣ ማንም አላስወጣውም። ደላላው ሊንኩን ነካ፣ በጀቱን ከፈተ፣ «የቢሮ ኪራይ» የሚለውን መስመር አገኘ። ለመጪው ዓመት የያዝነውን ጭማሪም አየ። በዚያው ሳምንት የቤቱ ባለቤት ደወሉ። ኪራይ ሊጨምሩ ነው፤ ያሉት ቁጥር በጀታችን ላይ ካለው ጋር በሳንቲም አይለያይም። ዳይሬክተራችን «እኚህ ሰውዬ እንዴት ያለ ግምት ነው ያላቸው!» ብለው ተደነቁ።

በዚህ ስንስቅ የቆየነው ግን ከኪራዩ መስመር ሁለት ፋይል ዝቅ ብሎ ያለውን እስክናይ ነው። የተረጂዎች ዝርዝር ነበር፦ ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የትኛዋ እናት ስንት ልጅ ይዛ በየትኛው ወረዳ እንደምትኖር። በጀታችንን የሚያይ ሰው ቢበዛ ይታዘበናል። እነዚያ ሴቶች ስማቸውን ሲሰጡ ደላላ ያየዋል ብለው አልነበረም። ለዚህ ሀገሪቱ ሕግ አላት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፣ ከሀገር ውጭ ሲተላለፍም ሁኔታ ያስቀምጣል። የእኛ ዝርዝር ለቡ ተሰብስቦ፣ መካኒሳ ተጽፎ፣ አውሮፓ ተቀምጦ፣ ከሜሪላንድ በወጣ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ውሏል። አዋጁን ለፋይናንስ ኃላፊያችን ባነበብኩላቸው ቀን ሊንኩ ተዘጋ። ሳቅም አልነበረም።

ደላላውንም ከግሩፑ ማስወጣት ነበረብን። ማን ያስወጣው? ሦስት አድሚን አለ፤ ሦስቱም «አንተ አስወጣው» ተባባሉ። በመጨረሻ አዲስ ግሩፕ ተከፈተና ከሱ በቀር ሁላችንም ወደዚያ ተሰደድን። በአሮጌው ግሩፕ አሁንም ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ የሚመልስለት ስለሌለ ሳያዝንብን አይቀርም።

ሁለት ጊዜ የማረጋገጫው ነገርም አለ። ኢሜይልህን ልትከፍት ስትል ኮምፒውተሩ ላይ ባለሁለት አኃዝ ቁጥር ይወጣል፤ ያንን ቁጥር ስልክህ ላይ ትመታዋለህ። የታሰበው አካውንቱ የሰውየው፣ ስልኩም የሰውየው፣ ሰውየውም አንድ ሰው እንደሆነ ነው። በእኛ ቢሮ የዳይሬክተሩን ኢሜይል የምትከፍተው ጸሐፊዋ ናት፤ ስልካቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ግቢው ውስጥ መኪናቸውን እያሳጠቡ ነው። እናም መስኮቱን ከፍታ «ሃምሳ ሰባት!» ትላለች። መኪና አጣቢው ተቀብሎ «ሃምሳ ሰባት ጋሼ!» ይላል። ዘበኛውም በር ላይ ሆነው ይደግሙታል። አንድ ጠዋት ስገባ ዘበኛው፣ «ዛሬ ገና አልገቡም፤ ሁለቴ ነው የተጠራው» አሉኝ። ስለ ቢሮው የመረጃ ደኅንነት ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ፋይዳ ይህን ሁሉ ይገላግለናል የሚሉ አሉ። ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 1284/2015፣ የቆመ መታወቂያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ጣት ይነሳል፣ ዐይን ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳል። በእርግጥም ሾፌራችን በፋይዳ አንድ ሰው ነው። የፈለገውን ያህል «ኤን» ይጨምር፣ ጣቱ ያው ጣት ነው። ፋይዳ ግን ማን እንደሆንክ ነው የሚነግረው፤ የቱን ፎልደር እንደምትከፍት አይነግርም። ያንን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል፤ «አይሆንም» ብሎ በማግሥቱ አብሮህ ቡና የሚጠጣ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በመታወቂያ አይገኝም።

ያም ሆኖ ከደላላው ወዲህ ቢሮው ታርሟል። ክሊራንሱ ላይ «አይቲ» የሚል መስመር ተጨመረ፤ ከ«ላይብረሪ» በላይ። እንግዳ ሁሉ በቢሮው ኢሜይል ብቻ እንዲጋበዝ ተወሰነ። የሜሪላንዷ ልጅ እንግድነት ተነሳ፤ ያነሳው አይቲው ሳይሆን አውሮፓ ያለው አድሚን ነው። አይቲው ደውሎ «እኔ አይደለሁም» ብሏታል። የፋይናንስ ኃላፊያችን አሁን በጀቱን አትመው፣ ፎቶ አንስተው በዋትስአፕ ይልኩላታል የሚል ወሬ አለ፤ እኔ አላየሁም።

አዲሱ መስመር መጀመሪያ የተፈረመው ለራሱ ለአይቲው ነው። አንድ ባንክ በተሻለ ደሞዝ ወሰደው። ክሊራንሱን ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ፤ ንብረት ክፍል ፈረመ፣ ፋይናንስ ፈረመ፣ ላይብረሪ ፈረመ። «አይቲ» ላይ ሲደርስ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና ለራሱ ፈረመ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የእኛ ልጅ ግን ተሽሮም ሹመቱ አልተነሳለትም፤ ዋናው አድሚን እሱ ብቻ ነበርና። ማይክሮሶፍት ራሱ ቢያንስ ሁለት የአደጋ ጊዜ አካውንት ይኑር፣ ቁልፉም በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ ብሎ ይመክራል። እኛም አስቀምጠን ነበር። በሰም የታሸገ፣ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ፋይናንስ ካዝና ውስጥ ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ ዳይሬክተሩ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋና እኔ በምስክርነት ቆመን ፖስታው ተከፈተ። ውስጡ አንዲት ወረቀት አለች። «ለአይቲው ይደውሉ» ትላለች፤ ከሥሯ ስልክ ቁጥሩ።

ተደወለለት። «እስክትተኩኝ ድረስ አለሁ፣ ምንም አታስቡ» አለ። መተኪያው ማስታወቂያ እስካሁን እየተረቀቀ ነው። ልጁ ማታ ከባንክ ሲወጣ ጀሞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ፓስወርድ ይቀይርልናል፣ እንግዳ ያጸድቃል።

ባንኩ ደግሞ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጠየቀው። ጸሐፊዋ፣ ልጁ በእጁ የሚገኝ ማንኛውንም የድርጅቱን ንብረት መልሶ ከሥራው መሰናበቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አሳምራ ጻፈችለት። ልታስቀምጠው ስትል ፎልደሩ ፈቃድ ያስፈልግዎታል አላት፤ ደወለችለትና ከፈተላት።